ስጦታውና ባለ ስጦታው

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ሰው የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ነው ብሎ ያነበዋል። እኔ ግን ስለ ሰው ክብር የቀረበ ክስ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፊታውራሪ መሸሻ ክርስቲያን ናቸው፤ ዳሩ ግን የሰውን ዋጋ የሚለኩት በአጥንቱ ነው። ከድሃ ገበሬ የተወለደው በዛብህ ሰብለ ወንጌልን እንዲያስተምር ከቤታቸው ገባ፤ ለጋብቻ ግን ሊታሰብ እንኳ አልተቻለም። ዕውቀቱን ወደዱ፤ ሰውነቱን ናቁ። ስጦታን ተቀብሎ ባለ ስጦታውን መናቅ ግን ሰጪውን እግዚአብሔርን መናቅ ነው።

በመጽሐፉ ላይ አንድ ቅር የሚለኝ ነገር አለ። በዛብህ ድምፁ ያማረ፥ ቅኔ የተማረ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ለማን ይከብዳል? ድምፅም ቅኔም ባይኖረውስ? በወንጌሉ ምሳሌ አንዱ አምስት፥ አንዱ ሁለት፥ አንዱም አንድ መክሊት ተቀበለ እንጂ ባዶ እጁን የቀረ አገልጋይ የለም። የሰው ክብርም በእግዚአብሔር አርአያ ከመፈጠሩ ነው እንጂ ከመክሊቱ ብዛት አይደለም።

ደራሲውም ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም። ገበሬዎቹ ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን ግብር አንሰጥም ብለው ሲነሡ፥ ቅኔ ሳይቀኙ ሰው መሆናቸውን ያስመሰክራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ መሸሻን ከመኮነንህ አስቀድሞ፥ በደጅህ እንጨት የሚፈልጥልህን ሰው ስሙን ታውቅ እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ።