የልጆች ደራስያንና የጽሕፈት ሙያቸው፤ ስምን ከማወቅ አሠራርን ወደ ማወቅ

የልጆች መጻሕፍት ደራስያን በትምህርት ቤት የሚታወቁበት መንገድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መምህሩ የደራሲውን ስም፣ የትውልድ ዘመኑንና የድርሰቶቹን ዝርዝር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ገልብጦ ይይዛል፤ በፈተናም ይጠየቃል። ቀጥሎ ታሪኩ ይነበብና «ከዚህ ምን እንማራለን?» የሚለው ጥያቄ ይቀርባል። በዚህ አኳኋን ተማሪው ስለ ደራሲው ሕይወትና ስለ ታሪኩ ምክር ጥቂት ይረዳል፤ ደራሲው ሥራውን እንዴት እንደ ሠራው ግን ሳያውቅ ይቀራል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተካሄደው የንባብ ችሎታ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሦ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ ሕፃኑ ሊያነበው የሚጓጓለት ጽሑፍ ማጣቱም ከምክንያቶቹ ተለይቶ ሊታይ አይገባም። ስለዚህ ለልጅ የሚቀርብ ጽሑፍ በምን ሙያ እንደሚሠራ መመርመር የመምህሩም የዕቅድ አውጪውም ጉዳይ ነው። ለዚህም በአሠራራቸው የሚለያዩ ሦስት ሰዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል።

ሀ. ምሳሌና ምክር

በ1991 ዓ.ም. ያረፉት ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ተነበዋል። ስለ አዝማሪውና ስለ ውሃ ሙላቱ የጻፉት ግጥም አሠራራቸውን በሚገባ ያሳያል። አንድ መንገደኛ ሞልቶ በሚወርድ ወንዝ ዳር ውሃውን የሚያሞግስ አዝማሪ ያገኛል። ምን እንደሚያደርግ ቢጠይቀው፣ ውሃው ጎድሎ እንዲያሻግረው እየለመነ መሆኑን ይነግረዋል። መንገደኛውም ሙገሳው የተነገረው ውሃ ሳይሰማ ወርዶ ማለፉን ያስረዳዋል።

ሰዎቹ ሁለት፣ ቦታው አንድ፣ ነገሩም አንድ ነው። ትርፍ ቃል የለም፤ ቤት መምታቱም ልጁ በቃሉ እንዲይዘው ያግዛል። ይህ ታላቅ ሙያ ነው። ሆኖም ግጥሙ በምክር ይዘጋል፤ ሰሚ ካልተገኘ የተናጋሪ ድካም ፍሬ እንደሌለው ደራሲው ራሳቸው ይፈርዳሉ። ተማሪው ከወንዙ ዳር ቆሞ ሊደርስበት ይችል የነበረው ነገር ተሠርቶ ይሰጠዋል። «ምን እንማራለን?» ተብሎ ሲጠየቅም የመጨረሻዎቹን ስንኞች መድገም ብቻ ይበቃዋል።

ለ. አድማጭን ማየት

ተስፋዬ ሣህሉ ወደ ልጆች የመጡት ከቲያትር መድረክ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተረት እየነገሩ «አባባ ተስፋዬ» የሚለውን ስም አተረፉ፤ ያረፉትም በ2009 ዓ.ም. ነው። ሙያቸው ያለው ልጁን በማየት ላይ ነበር። የጅቡን ድምፅ ወፍራም፣ የጦጣዋን ቀጭን ያደርጋሉ፤ የሚያስፈራው ነገር ሲቃረብ ንግግራቸው ይዘገያል፤ ዓይናቸውም ከልጆቹ አይነቀልም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ከመጀመሪያው የተረቱ ባለድርሻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እንዲህ ያለ ተረት ወደ ወረቀት ሲዛወር ነው። ድምፁ፣ ዝምታውና ፊቱ ቀርተው የነገሩ አጥንት ብቻ ከታተመ፣ በአፍ ሲነገር ልጆችን ያሳቀው ተረት በገጽ ላይ የደረቀ ዘገባ ይሆናል። ብዙ የተረት መጻሕፍት ልጆችን የማይስቡት በዚህ ምክንያት ነው። ጸሐፊው የድምፁን ሥራ የሚተካ ነገር በገጹ ላይ ማግኘት አለበት።

ሐ. ድምፅን በገጽ መተካት

በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአገራችን ተረት «ማሞ ቂሎ» እየተባለ የሚታወቀውን ልጅ ታሪክ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን አንድ ላይ አድርገው በባለቀለም ሥዕል አሳትመዋል። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርገዋል።

የማሞ ታሪክ የተሠራው በድግግሞሽ ነው። ማሞ ሠርቶ ያገኘውን ደመወዝ ያበላሻል፤ እናቱ እንዴት መያዝ እንደነበረበት ትመክረዋለች፤ በማግሥቱም የትናንቱን ምክር በማይስማማው በዛሬው ደመወዝ ላይ ያውላል። ሁለተኛው ስሕተት ላይ የደረሰ ልጅ ሦስተኛውን አስቀድሞ ያየዋል፤ ገጹንም የሚገልጠው ግምቱ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። የተረት ነጋሪው ድምፅ ይሠራው የነበረውን እዚህ ድግግሞሹና ሥዕሉ ይሠሩታል። ምክርን ሳያስቡ መከተል እንደማይበቃም ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። መምህሩ ሊጠነቀቅ የሚገባው ሳቁ ክፍል ውስጥ ባለ ዘገምተኛ ተማሪ ላይ እንዳይዞር ብቻ ነው።

መ. ከንጽጽሩ የሚገኘው ትምህርት

የሦስቱ ልዩነት ልጁን ከሚያስቀምጡበት ቦታ ይመነጫል። በመጀመሪያው ምክር ተቀባይ፣ በሁለተኛው መልስ ሰጪ፣ በሦስተኛው ከባለታሪኩ ቀድሞ የሚያስብ ነው። ለልጅ የሚጽፍ ሰው ሙያ የሚለካው ልጁ ራሱ እንዲሠራው በሚተውለት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ መሠረት መምህራን ደራስያንን በሥራቸው ሊያስተዋውቁ ይችላሉ። የ«ታሪክና ምሳሌ»ን ግጥም ሲያነቡ መዝጊያውን ሸፍነው ተማሪዎች የየራሳቸውን ፍርድ እንዲሰጡ፣ ከዚያ በኋላ ከደራሲው ጋር እንዲያስተያዩ ማድረግ አንዱ ዘዴ ነው። ከአያት የሰሙትን ተረት በጽሑፍ አስፍረው ለጓደኛ እንዲያነቡ፣ የት ላይ እንደ ደነዘዘም እንዲመረምሩ ማድረግ ሌላው ነው። በዚህ ሥራ ያለፈ ልጅ ደራሲነት ምን እንደሆነ ከሕይወት ታሪክ ዝርዝር ይልቅ ከራሱ እጅ ይማራል።

ዕቅድ አውጪዎችም የሚጠበቅባቸው አለ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔረሰብ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከወሰነ ወዲህ ለልጆች የሚጽፉ ሰዎች በየቋንቋው ያስፈልጋሉ። ድግግሞሽና ቤት መምታት የየቋንቋው ጠባይ ስለሆኑ ከአማርኛ የተተረጎመ ምንባብ ይህን ጉድለት አይሞላም። ከሁሉም በላይ፣ ምንባቡ ከመታተሙ በፊት ለታሰበለት ክፍል ልጆች ጮክ ተብሎ ቢነበብ፣ የሚያዛጉበትና የሚጠይቁበት ቦታ ተመዝግቦ ለጸሐፊው ቢመለስለት ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ይሆናል። ይህ ሳይደረግ በብዙ ሺህ ቅጂ የሚታተም መጽሐፍ በወንዙ ዳር እንደ ቆመው አዝማሪ ነው፤ ቃሉ ያምራል፤ ልጆቹ ግን ሳይሰሙት ያልፋሉ።