ብረት በሌለበት ነጥብ ላይ

ፎርድ ቴሪቶሪን በወጉ ያየኋት ከሥሯ ቆሜ ነው። ሜልበርን ውስጥ ጋራዥ ያለው ወዳጄ መኪናዋን ሊፍት ላይ ሰቅሎ፣ በእጅ ባትሪ የፊት ጎማውን ውስጠኛ ወገን እያበራ «እስቲ ና፣ ይቺን ሥራ እይልኝ» አለኝ። ጭቃና ዘይት የጠጣ ብረት ነበር። እያስረዳኝ ሲሄድ ግን ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በብዙ መኪኖች የፊት ጎማ ከታች የሚያዘው በአንድ ባለሦስት ማዕዘን ክንድ ነው። ክንዱ ጫፉ ላይ አንድ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለው፤ መሪ ሲጠመዘዝ ጎማው እሱን ተደግፎ ይዞራል። ቴሪቶሪ ላይ ያ ክንድ የለም። በቦታው ሁለት ዘንጎች ገብተዋል፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸው መጋጠሚያ አላቸው። ሁለቱን ዘንጎች በሐሳብህ ወደ ውጭ ብታስረዝማቸው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ጎማው የሚዞረው እዚያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ምንም ብረት የለም። ነጥቡ ሐሳብ ብቻ ስለሆነ፣ ትልቅ የፍሬን ዲስክ ቦታውን ይዞ እውነተኛ መጋጠሚያ ሊገባ ወደማይችልበት፣ ወደ ጎማው መሃል ሊጠጋ ችሏል። ነጂው ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል። ጎማው ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጁ እንደማይነጠቅ ግን ያውቃል።

ይህን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? አውስትራሊያ ውስጥ ለረጅም ዘመን የቤተሰብ መኪና ማለት ትልቅ አውቶሞቢል ወይም ከዚያው የተሠራ ረጅም ስቴሽን ዋገን ነበር። ኋላ ላይ ሰዉ ከፍ ብሎ መቀመጥን ወደደ። ከፍ ያሉት መኪኖች ግን መታጠፊያ ላይ እንደ ጭነት መኪና የሚያዘነብሉ፣ መሪያቸው የደነዘዘ ነበሩ። የፎርድ አውስትራሊያ መሐንዲሶች ፋልከን የተባለችውን የራሳቸውን አውቶሞቢል መሠረት አድርገው፣ ከፍ ያለች ግን እንደ አውቶሞቢል የምትታዘዝ መኪና ሊሠሩ ተነሱ። ወደ 500 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ፈሰሰበት። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ወጣች፤ በዚያው ዓመት «ዊልስ» የተባለው የአገሩ መጽሔት የዓመቱ መኪና ብሎ ሰየማት።

ወደ ኋላ ጎማዋ እንሂድ፤ እሱም መታየት አለበት። ወፍራም ክንድ በምትጠብቅበት ቦታ እንደ ስለት የሳሳ የብረት ሰሌዳ ቆሟል። ሥራው ጎማውን ከፊትና ከኋላ የሚገፋውን ኃይል መቀበል ነው፤ ከጎን የሚመጣው የሌሎቹ ዘንጎች ድርሻ ነው። ሥራው ስለተከፋፈለ ሰሌዳው ለስላሳ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ምት ይውጣል፤ ሌሎቹ ጠንክረው ጎማውን በመስመሩ ያቆሙታል። በአንድ ክንድ ቢሠራ ኖሮ ወይ ምቾቱ ወይ ቁጥጥሩ ይጎድል ነበር።

ሞተሯ 4 ሊትር፣ 6 ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ፣ መጀመሪያ ላይ 182 ኪሎዋት የሚሰጥ ነበር። የሚሠራው ፎርድ ከ1925 ጀምሮ በነበረበት በጂሎንግ ከተማ ነበር፤ መኪናዋ የምትገጣጠመው ደግሞ በሰሜን ሜልበርን፣ በብሮድሜዶውስ ፋብሪካ ነበር። ውስጧም የታሰበበት ነው። የሦስተኛው ረድፍ መቀመጫ ታጥፎ ወለሉ ውስጥ ይገባል። የኋላ መስታወቷ ለብቻው ስለሚከፈት፣ ልጅ በአንድ ክንዷ ያቀፈች እናት ከባዱን በር ሳታነሳ ዘንቢሏን ታስቀምጣለች።

እንከን አልባ ናት አልልም። ቤንዚን ትወዳለች። ናፍጣ ሞተር ያገኘችው በ2011 ነው፤ ያኔ ብዙ ገዢ ወደ ሌላ ሄዶ ነበር፤ ይህ መዘግየት እስካሁን ይቆጨኛል። እነዚያ የማደንቃቸው የፊት መጋጠሚያዎችም ዕድሜ ሲጫናቸው ይላላሉ፤ መካኒክ ቶሎ ቶሎ ሊያያቸው ይገባል።

ጥቅምት 7 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ቀን፣ የብሮድሜዶውስ መስመር ቆመ። ቴሪቶሪም ፋልከንም አብረው አበቁ። በቀጣዩ ዓመት የቶዮታና የሆልደን የመኪና ፋብሪካዎችም ሲዘጉ አገሩ የቤት መኪና በብዛት መሥራቱን አቆመ። ያንን ባለ ሁለት ዘንግ እግር በየቀኑ ሲገጣጥሙ የነበሩ እጆች ወደየት እንደተበተኑ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

ወዳጄ ያረጀውን መጋጠሚያ አውልቆ አዲሱን ገጠመ፤ ብሎኑን አጠበቀና መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዞረው። ጎማው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ዞረ። አንዱ ዘንግ ሲገፋ ሌላው ሲስብ፣ ያ የማይታየው ነጥብም ቦታውን በቀስታ ሲለውጥ በሐሳቤ ተከተልኩት። አንዴ እንዲደግምልኝ ለመንኩት።