በአንድ አሮጌ መሶብ ላይ የቀረበ ሂስ

የእጅ ጥበብን የሚመለከቱ ጽሑፎቻችን በአመዛኙ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይከተላሉ። ወይ ዕቃውን «ቅርስ» ብለው አወድሰው ያልፋሉ፤ ወይ የአሠራሩን ቅደም ተከተል ዘርዝረው ያቆማሉ። ዕቃውን እንደ ሥዕል ወይም እንደ ቅኔ በዳኝነት ዓይን የመረመሩት ጥቂት ናቸው። በወላጅ እጅ የተሠራ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ የእናትን ስፌት መንቀፍ ነውር ይመስላልና። ነገር ግን ከነቀፋ ውጭ የተቀመጠ ሥራ ከአድናቆትም ውጭ ይሆናል።

ለዚህ ሂስ የመረጥነው፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ደጋማዋ ኮሶዬ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እናት ለቤታቸው የሰፉትን መሶብ ነው። ውስጡ አክርማ፣ ልባሱ ስንደዶ፣ መሣሪያው አንድ ወስፌ ነው። ስፌቱ ከእምብርቱ ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል። እዚህ ላይ ተመልካች ልብ ሊለው የሚገባ ጉዳይ አለ። ዙሩ በሰፋ ቁጥር የስፌቱ ቁጥር ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥርስ መሳዩ ጌጥ ዙሩ በሚዘጋበት ቦታ በትክክል እንዲገጥም፣ ሰፊዋ ገና ሲጀመር ስንት ጊዜ እንደሚደገም ቆጥራ ማካፈል አለባት። በወረቀት ላይ የሠፈረ ንድፍ የለም። ሒሳቡ በጣትና በዓይን ይሠራል። ሥዕል አስተማሪዎቻችን «ቅንብር» የሚሉት ይኸው አይደለምን?

በመሶቡ ወገብ ላይ ቀዩ ቀለም ያልቃል። ከዚያ በላይ ያለው ስንደዶ በሌላ ጊዜ የተነከረ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ነው። ሰፊዋ ልዩነቱን ለመደበቅ አልሞከሩም፤ ለውጡ ጌጡ በሚታጠፍበት መሥመር ላይ እንዲውል በማድረግ እጥረቱን ራሱን የቅርጹ አካል አድርገውታል። ከሥራው ሁሉ የላቀው ክፍል ይህ ነው። ክዳኑ ግን አልተሳካም። ጌጡ ሳይገጥም ቀርቶ ክፍተቱ በአንድ ቀጭን ጥቁር ጥርስ ተሞልቷል፤ ስፌቱም ከወገቡ ይልቅ ላላ ያለ ነው። ቸኩለዋል። ሠርግ ደርሶ ይሁን አዝመራ፣ ስፌቱ አይነግረንም።

እንዲህ ያለው ዳኝነት በሌላም አገር አለ። በእንግሊዝ ወንዞች ትራውት የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ላባና ፀጉር በመንጠቆ ላይ በክር አስረው በራሪ ነፍሳትን የሚመስል ማታለያ ይሠራሉ። ከአባት የተወረሰ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመዘን ዋናው ዳኛ ዓሣው ነው፤ ያማረው በሣጥን ሲቀር፣ የሠራው ላባው በዓሣ ጥርስ ተበልቶ ይገኛል። የመሶባችንም ዳኛ እንጀራው ነው። በእንፋሎት ሳይልብ፣ በደጋው ነፋስም ሳይደርቅ ማደር አለበት። የተበላው ከንፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ክር መጠገኑን ዕቃ ሰብሳቢ እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል። እኛ ግን ጥገናውን ከሥራው አንለየውም፤ ጠጋኟም ሰፊዋ ራሳቸው ናቸውና፣ ክሩ እንግዳ ቢሆንም አጠባበቁ የቀድሞው ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ፣ ከጎንደር መውጫ፣ ወለቃ አለች። ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪዎቿ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ከተጓዙት መካከል ነበሩ። ትናንሾቹ የወለቃ የሸክላ ምስሎች ለጎብኚ ዓይን የተሠሩ ነበሩ፤ ለመንገደኛ የሚሰፉ ትናንሽ ስፌቶችም የሚዳኙት በዚሁ የአንድ አፍታ እይታ ነው። በመኪና መስኮት የሚገዛ ሰው ጥብቁን ከላላው ካልለየ፣ ለጥብቁ የጠፋው ቀን ዋጋ አያገኝም። ሰፊዋን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው፤ እሷም የዕለት ጉርሷን ታስባለች። ወቀሳው ማየትን ላላስተማርነው ለእኛ ይገባል። የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸው የቤታቸውን መሶብ ከመሣላቸው በፊት አንዱን ዙር እንዲቆጥሩ ቢያደርጉ መልካም ነው። የሚቆጥሩትም ቀለሙ ዓይን በማያታልልበት በውስጡ በኩል ይሁን።