ጥያቄው ዳሌ ላይ ሲደርስ፦ የአንድ ገጽ ቼክሊስት ሂሳዊ ዳሰሳ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የአደጋ ጉዳት ሕክምና ቼክሊስት አንድ ገጽ ብቻ ነው። አወቃቀሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የተጎጂው ምርመራ እንዳበቃ፣ ሁለተኛው ቡድኑ ከተጎጂው ከመለየቱ በፊት ይነበባል። ዓላማው ባለሙያው የሚያውቀውን በጥድፊያ መካከል እንዳይዘነጋ መርዳት ነው።

የቋንቋው ቁጥብነት የሚደነቅ ነው። የውጭ ደም መፍሰስን ሲጠይቅ በጥቅሉ አያልፍም፤ የራስ ቆዳን፣ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥፍራና ጀርባን ለይቶ ይጠራል። በጀርባው የተኛ ሰው ላይ ዓይን የሚስታቸው እነዚሁ ናቸው። ይህን ያሰናዱ ሰዎች ሥራውን በቅርብ ያውቁታል።

ዳሌ ላይ ሲደርስ ግን ገጹ ይሳሳል። ስብራት መኖሩ በእጅ፣ በኤክስሬይ ወይም በሲቲ መፈተሹን ይጠይቃል፤ ዳሌው ታሰረ ወይ፣ በስንት ሰዓት፣ የት ላይ ብሎ አይጠይቅም። የተሰበረ ዳሌ ከውጭ ምንም ሳይታይ በርካታ ሊትር ደም ወደ ውስጥ ሊያፈስ ይችላል። ማሰሪያ የተከፈተውን አጥንት ሰብስቦ ደሙን ለመግታት ያግዛል፤ የፋብሪካው ከሌለ የታጠፈ አንሶላ ያገለግላል። የሚታሰረው ግን መቀነት ከሚታጠቅበት ወገብ ዝቅ ብሎ፣ የጭን አጥንት ጉብታዎች በጎን በሚዳሰሱበት ቦታ ነው።

ጉድለቱ በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ መንገድ ላይ ጎልቶ ይታየኛል። መርሳ አጠገብ መኪና የተገለበጠበት ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወልድያ ቢደርስና ወደ ደሴ ሪፈር ቢባል፣ መርሳን ዳግም አልፎ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በደንብ የታሰረ ዳሌ በኤክስሬይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ተቀባዩ ሐኪም ፎቶው ከማሰሪያው ጋር መነሳቱን ካላወቀ ስብራቱ ያመልጠዋል። ሰዓቱ ካልተጻፈም ማሰሪያው ቆዳውን ለምን ያህል ጊዜ እንደተጫነው አይታወቅም፤ ቁስል የሚመጣው ከዚያ ነው። የቼክሊስቱ የመዝጊያ ጥያቄ የተጎጂው የሕክምና ቅጽ ተሞልቷል ወይ የሚል ነው። ምን ተጽፎበት የሚለውን ትቶታል።

በእርግጥ አንድ ገጽ ሁሉን ይያዝ ማለት ግፍ ነው። የአስተሳሰሩን ዘዴም በ2018 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር ያሳተመው የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና መጽሐፍ ያስተምራል። ይሁንና ለራስ ቆዳ ቦታ ያገኘ ገጽ ለዳሌ ማሰሪያ አንድ መስመር አያጣም ነበር።

ቼክሊስቱ በድንገተኛ ክፍሎቻችን ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚገባው ሥራ ነው። የወልድያና የመርሳ ባለሙያዎች ሆይ፣ ስትሰቅሉት ይህን መስመር በእጃችሁ ጨምሩበት፦ ዳሌ ታስሯል? ሰዓት፣ ቦታ፣ ያሰረው ሰው። በሪፈር ወረቀቱም ላይ ይኸው ይጻፍ።