ከዘፈኑ ጀርባ ያለው ሰው፦ ኤልያስ መልካ

ባለፈው ሰሞን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «‹እንደ ቃል› የሚለውን አልበም የሠራው ማነው?» ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኢዮብ መኮንን!» አለ። ልክ ናቸው። ኢዮብን እኛ ዘንድ የማያውቀው የለም፤ በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ለሕክምና መጥቶ ያረፈውም እዚሁ ናይሮቢ ነው። «ሌላስ?» ስላቸው ግን ዝም። የኤልያስ መልካን ስም ያነሳ አንድም ልጅ አልነበረም።

ኤልያስ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ግጥምና ዜማ የሚደርስ፣ በኋላም «በገና» የተባለ ስቱዲዮውን ከፍቶ የሌሎችን ሥራ ያቀናበረና ፕሮዲዩስ ያደረገ ሰው ነበር። በ1993 ዓ.ም. በወጣው የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ላይ አለበት፤ በዘሪቱ ከበደ አልበም ላይ አለበት፤ በኢዮብም ላይ እንደዚሁ። ልብ በሉ፣ ሦስቱም የድምፃውያኑ የመጀመሪያ አልበሞች ናቸው። ስም ያለውን ማጀብ ቀላል ነው፤ ገና ስም የሌለውን አምኖ ከጎኑ መቆም ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለ ቅንብሩ ልናገር። በልጅነቴ ከቤታችን ቴፕ የምንሰማው ካሴት አብዛኛው በኪቦርድ የታጨቀ ነበር። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ኪቦርዱ ዘሎ ይገባል። ኤልያስ ግን ክፍት ቦታ ይተዋል። «እንደ ቃል»ን ስትሰሙ ሙዚቃው ከድምፁ ጋር አይጋፋም፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል። ተማሪዎቼ ማንም ሳይጽፍላቸው ግጥሙን በቃላቸው የያዙት ለዚህ ይመስለኛል።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ሥራዎቹን በተከታታይ ከሰማችሁ ያው እጅ ይታወቃችኋል። የሬጌው ምት ይደጋገማል፤ አንዳንዴ እንግዳው ተለውጦ ቤቱ ያው የሆነ ይመስላል። ከሱ በኋላ የመጡ ብዙ አቀናባሪዎችም ድፍረቱን ትተው ድምፁን ብቻ ቀዱ።

ለእኔ ከቅንብሮቹ ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻ ሥራው ነው። አገር ቤት ግጥምና ዜማ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ አንዴ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ዓመቱን ሙሉ ቢሸጥ አያገባውም። የቅጂ መብት አዋጅ በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልተለወጠም። ኤልያስ ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2011 ዓ.ም. «አውታር» የተባለ የሙዚቃ መሸጫ የስልክ መተግበሪያ ጀመረ። ሐሳቡ ከእያንዳንዱ ዘፈን ሽያጭ ገጣሚውም፣ የዜማ ደራሲውም፣ አቀናባሪውም እንደ ድምፃዊው ድርሻ እንዲያገኙ ነበር። ወራት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ፣ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኤልያስ አረፈ።

እርግጥ አንድ መተግበሪያ ብቻውን ልማድ አይቀይርም። ኢስሊ ውስጥ ዘፈን በፍላሽ መገልበጥ ሻይ ከመጠጣት ይቀላል። እኔም ተማሪ ሳለሁ ስንቱን ገልብጫለሁ! ያኔ ሌብነት ነው ብሎ የነገረኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ነው እንዳትሉ። ከተማሪዎቼ አንዱ ሠርግ ላይ ለሚዘፍን ሰው ግጥም ጽፎ ሰጠ። ግጥሙ ተዘፈነ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ልጁ አንድ ሳህን ምግብ በልቶ ወደ ቤቱ ሄደ። የጻፈው እሱ መሆኑን ያወቀ ሰው የለም። ሳዝንለት «ቲቸር፣ ምን ችግር አለው?» አለኝ። ችግሩ እሱ ራሱ ችግር መሆኑን አለማወቁ ነው።

ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ አንድ ደንብ አውጥተናል። ማንኛውም ዘፈን ደብተር ላይ ሲገለበጥ ከሥሩ ሦስት መስመር ይጻፋል፦ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር። ካላወቁ ጠይቀው ይምጡ። እናንተም በየክፍላችሁ ሞክሩትና ልጆቹ የማንን ስም ይዘው እንደመጡ ጻፉልን።