ከቤተ ሙከራ እስከ መጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ በእንዶድ ምርምርና በሙያ ቃላቱ ላይ የቀረበ ሂስ

የዩኒቨርሲቲ ምርምር ወደ መጀመሪያ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት ይግባ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመጽሐፍ፣ የመሣሪያና የመምህራን ሥልጠና ጉዳይ ነው። የቃል ጉዳይ ወደ መጨረሻው ይገፋል፤ ይህም ስያሜ የዕውቀቱ መጠቅለያ እንጂ የዕውቀቱ አካል አይደለም ከሚል አስተያየት የመነጨ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አስተያየቱ የተሳሳተ መሆኑን በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማሳየት፣ የሙያ ቃላት አዘጋጆችም በዚህ ረገድ ያለባቸውን ኃላፊነት ማመልከት ነው።

ምሳሌው እንዶድ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ብልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ በወራጁ ውሃ ውስጥ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ እንድትጨምር ቢጠይቋት፣ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተካሄደው ምርምር ለእርሳቸውና ለሥራ ባልደረባቸው ለዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 እ.ኤ.አ. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት አስገኝቷል። ለሕፃናት ከዚህ ይበልጥ የሚቀርብ ምርምር ማግኘት ያስቸግራል፤ እንዶዱ ከአጥር ሥር፣ ቀንድ አውጣው ከወንዝ፣ አረፋው ከእናት እጅ የሚገኝ ነውና። ይሁን እንጂ ታሪኩ በሙያ ቃላት ተለብጦ ወደ ክፍል ሲገባ በሦስት ስፍራ ይሰናከላል።

አንደኛው «ተላላፊ» በሚለው ቃል ነው። በተለመደው አማርኛ ተላላፊ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ ወይም በንክኪ የሚሸጋገር ነው። ብልሃርዝያ ግን እንዲህ አይደለም። እንቁላሉ ከሕመምተኛው ዐይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወጥቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሚፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ ደግሞ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። «ተላላፊ» የሚለውን ብቻ የተማረ ልጅ እንግዲህ የታመመ ጓደኛውን ይሸሽና በወንዙ ይዋኛል። የበሽታውም ስም አይረዳውም፤ ትሉን በ1851 እ.ኤ.አ. በካይሮ ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ስም የተወሰደ ነውና። ስለዚህ ከስሙ አስቀድሞ «በቆዳ የሚገባ የውሃ ውስጥ ትል» የሚል ግልጽ ፍች ሊቀመጥ ይገባል።

ሁለተኛው፣ ቀንድ አውጣው ለትሉ ያለውን ግንኙነት የሚገልጸው ቃል ነው። «አስተናጋጅ» ቢባል ለተማሪው የሚታየው በቡና ቤት የሚታዘዘው ሰው ነው። «ተሸካሚ» ቢባል ትሉ በቀንድ አውጣው ላይ ተጭኖ የሚጓዝ እንጂ በውስጡ የሚራባ አይመስልም። በዚህ ጸሐፊ እምነት «አስጠጊ» የተሻለ ነው። «ጥገኛ» የተባለው ትል ስሙን ያገኘው «ተጠጋ» ከሚለው ግሥ ነው፤ «አስጠጊ»ም ከዚያው ሥር ስለሚወጣ ሁለቱ ቃላት ሲነበቡ ዝምድናቸው ራሱ ትምህርት ይሆናል። አስጠጊ በፈቃዱ የሚያስጠጋ ያስመስላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህን መምህሩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያቃናዋል፤ የተበጠሰን ዝምድና መቀጠል ግን ከዚህ እጅግ ይከብዳል።

ሦስተኛውና ዋናው «ሙከራ» ነው። በዕለታዊ ንግግር ሙከራ ይሳካል ወይም ይከሽፋል። በሳይንስ ግን መላ ምቱን ውድቅ ያደረገ ሙከራ የከሸፈ አይደለም፤ ያስተማረ ነው። ይህ ልዩነት ካልተገለጠ ልጁ የሚፈልገው መልስ እስኪወጣ ድረስ ሙከራውን መደጋገም ይማራል። ከዚህም ጋር «ማነጻጸሪያ» የሚለው ቃል የግድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ቀንድ አውጣዎች ያሉበት፣ እንዶድ ግን ያልተጨመረበት ሁለተኛ ዕቃ ነው። ያለ ማነጻጸሪያ የቀንድ አውጣዎቹ መሞት እንደ ተአምር ይነገራል እንጂ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

ችግሩ የግእዝ ቃላት መብዛት ነው የሚሉ አሉ። ከላይ የተመለከቱት ቃላት ግን ሁሉም ተራ አማርኛ ናቸው፤ ያሰናከሉትም የለመድናቸው በመሆናቸው ነው። በአንጻሩ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለው ስያሜ፣ «ፀመረ» የአማርኛው «አጣመረ» ወንድም መሆኑ በመዝገቡ ቢጻፍ፣ ለልጅ የተሰወረ አይሆንም። ጉድለቱ የመዝገቡ ዝምታ ነው።

እንግሊዝኛውን በግራ፣ አማርኛውን በቀኝ አሰልፎ የሚያበቃ ዝርዝር ለተርጓሚ ይጠቅም ይሆናል፤ ለመምህር ግን አይበቃም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ ይህን ሸክም በመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ትከሻ ላይም አሳርፏል። ስለሆነም እያንዳንዱ የሳይንስ ቃል ከመጽደቁ በፊት፣ በአንደኛው ወገን በተመራማሪው፣ በሌላው ወገን በአራተኛ ክፍል ተማሪ አፍ ሊፈተን ይገባል። ተማሪው ቃሉን ተጠቅሞ ለታናሽ ወንድሙ ወደ ወንዙ ለምን እንደማይገባ ማስረዳት ካልቻለ፣ ቃሉ ገና አልተሠራም።