ስለ ስኳር ሕመምተኞች የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፤ የአንድ ጥናት ምርመራ

የስኳር በሽታ ያለበትን ሰው የዓይን ሞራ ሲጋርደው ቀዶ ሕክምናው ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል የሚለው ጥያቄ በሐኪሞች ዘንድ ሲነሣ የኖረ ነው። ቹ እና የሥራ ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ጉዳይ ከሚጠቀሱት አንዱ ስለ ሆነ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ብርታቱንና ጉድለቱን ለመመርመር እንሞክራለን።

ደራሲዎቹ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 በብሪታንያ በስምንት ማዕከሎች የተከናወነውን የ81,984 ዓይኖች ቀዶ ሕክምና ከመዝገብ ሰብስበዋል። የፈለጉትም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ማኩላቸው፣ ማለት አጥርተን የምናይበት የሬቲና መካከለኛ ክፍል፣ ያበጠባቸውን ነው። ስኳርም ሆነ ሌላ አስጊ ምክንያት ከሌለባቸው 1.17 በመቶ፣ ስኳር ካለባቸው 4.04 በመቶ አብጦባቸው ተገኘ። ስኳር ከሌለባቸው ጋር ሲነጻጸር አደጋው ሬቲናቸው ገና ባልተነካ የስኳር ሕመምተኞች 1.80 እጥፍ፣ ሬቲናቸው በተነካባቸው ግን 6.23 እጥፍ ነበር።

የጥናቱ ብርታት ስፋቱ ነው። በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ሊታይ የማይችል ልዩነት እዚህ ጎልቶ ታይቷል፤ የሬቲናው ጉዳት እየከፋ ሲሄድ አደጋው አብሮ መጨመሩም ግኝቱን ያጠነክረዋል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነቀፌታ አለን። አንደኛ፣ መዝገብ የሚናገረው ሐኪሙ ያየውን ብቻ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ሬቲና በየጊዜው ይመረመራል፤ ሌላው ሰው ግን «ደኅና አያለሁ» ካለ ሬቲናው ሳይታይ ሊሸኝ ይችላል። ስለዚህ ከ1.80 እጥፉ ከፊሉን ያመጣው በሽታው ሳይሆን የምርመራው ብዛት ሊሆን ይችላል። 6.23 እጥፍ የሆነውን ግን ይህ ብቻ አስገኘው ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛ፣ ሁለት የተለያዩ እብጠቶች በአንድ ስም ተቆጥረዋል። ቀዶ ሕክምናው ያስነሣው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ይጎድላል፤ ስኳሩ ያመጣው ግን ካልታከመ ሊቆይና የዓይን ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል። 90 ቀን ሁለቱን ለመለየት አይበቃም። ሞራው ጠንቶ ሬቲናውን ከሸፈነም ቀድሞ የነበረ እብጠት እንደ አዲስ ሊቆጠር ይችላል።

ከሁሉ የሚያሠጋን ግን ከደራሲዎቹ ይልቅ የአንባቢው ስሕተት ነው። «አደጋው እጥፍ ነው» የሚለውን ብቻ ይዞ ሕመምተኛውን የሚመልስ ሐኪም፣ ስኳር ካለባቸው ከ100 ዓይኖች 96 በሚሆኑት እብጠት እንዳልተመዘገበ ዘንግቷል። ደግሞም ሞራው እየጠና በሄደ ቁጥር ሬቲናውን ማየትና በሌዘር ማከም ይከብዳል፤ ስለዚህ መዘግየቱም ራሱ አደጋ ነው። ይህም ሕመምተኛው ዘግይቶ በሚመጣበት አገር ሁሉ ይበልጥ ይብሳል።

እንግዲህ ከጥናቱ የምናገኘው ትምህርት ቀዶ ሕክምናውን መከልከል ሳይሆን፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ሬቲናውን መመርመር ነው። ወደፊት ጉዳዩን የሚያጠና ሰው ስኳር ያለበትንም የሌለበትንም በአንድ ዓይነት መሣሪያና በአንድ ዓይነት ቀጠሮ ለክቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ቢከታተል፣ ያነሣነው ጥርጣሬ መልስ ያገኛል።